ያለ ውክልና

ደቡብ ወሎ፣ መካነ ሰላም ላይ የውጭ ጉዳይን ሥራ አቀላጥፎ የሚሠራው ደላላው ነው። ቀጠሮ አያስይዝ፣ ፎቶ ኮፒ አይጠይቅ፣ «ሲስተም የለም» ብሎ አያውቅ። ባለጉዳዩን ከቦረና አንሥቶ በጅቡቲዋ ኦቦክና በየመን በኩል ሳዑዲ ይሸኛል፤ መንገድ ላይ የታገተ ካለም ማስለቀቂያው ስንት እንደሆነ ለቤተሰብ በስልክ ይነገራል። ከዚህ በላይ ግልጽነት ከየት ይመጣል?

የመንግሥቱ መንገድ ግን ክብር አለው። ጅዳ ያለች ልጅ ለእናቷ የላከችው ውክልና የቆንስላው ማኅተም ካረፈበት በኋላ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ገብቶ ሌላ ማኅተም ይመታበታል። (ከልጅቷ ይልቅ ወረቀቷ በሕጋዊ መንገድ ተጉዛለች።)

የቆንስላ ጥቅም በደንብ የገባቸው የቤይሩት እመቤቶች ናቸው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ፣ ዶላር ሲጠፋና ኮሮና ሲበረታ፣ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በመኪና እያመጡ ቆንስላው ደጃፍ አራገፏቸው፤ የብዙዎቹን ደመወዝ እንደበሉ። ልጆቹ አገራቸው ደጅ ደርሰው አስፋልት ላይ አደሩ። ኋላ የተወሰኑትን ሆቴል ያስገባው የሊባኖስ የሥራ ሚኒስቴር ነው፤ ያውም ያለ ውክልና።