ሲሞላልዎት ይምጡ

ለሙሽሮች «እግዜር ያጥናችሁ» ያልኩት እኔ ነኝ። ወሬው ሠፈር ውስጥ በሌላ ሰው ስም ሲዞር ስለሰማሁ፣ ሰውየው በከንቱ እንዳይታማ ብዬ ነው የምናዘዘው።

በዋዜማው ቅዳሜ ሦስት ለቅሶ ደርሼ ነበር። አንዱ የእድራችን ነው። ሁለተኛው የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ አክስት ናቸው። ሦስተኛው የማን እንደነበረ እስካሁን አላጣራሁም፤ ድንኳን አየሁ፣ ገባሁ፣ ንፍሮ ቀረበልኝ፣ አዝኜ ወጣሁ። እሁድ ሰርግ ተጠርቼ ሙሽሮቹ ፊት ስደርስ አፌ የለመደውን አወጣ። ሙሽራዋ ክው አለች። የሙሽራው አጎት ግን በትዳር ብዙ ዘመን የቆዩ ሰው ናቸውና ከልባቸው «አሜን» አሉ።

እዚህ የደረስኩት ደግ ሰው እሆናለሁ ብዬ ነው። መስከረም 1 ቀን፣ አበባ አየሽ ሆይ ያሉትን ልጆች ሸኝቼ ስቀመጥ ለራሴ ቃል ገባሁ። ሌላው ሰው ዓመት ሲለወጥ ሲጋራ አቆማለሁ ብሎ ይምላል፤ እኔ የማቆመው ሱስ ስለሌለኝ የምጀምረው ፈለግሁ። ሁሉንም ባንዴ ጀመርኩት።

በታክሲ ሰልፍ ተነሳሁ። አንዲት እናት አስቀደምኩ፤ ቀጥሎ ልጅ ያዘለች፣ ቀጥሎ ከዘራ የያዙ አዛውንት፣ ቀጥሎ «ጋሼ፣ ፈተና አለብኝ» ያለ ጎረምሳ። ሚኒባስ የሚጭነው 12 ሰው ነው። አንዱ ሞልቶ ሄደ፣ ሁለተኛውም ሄደ፣ እኔ ግን ከቦታዬ ንቅንቅ አላልኩም። ይኼኔ ከኋላዬ የቆሙት ጮኹብኝ፦ «ያንተን ተራ ስጥ፤ የኛን ማን ስጥ አለህ?» እውነታቸውን ነው። ለካ ስመጸውት የነበረው የሰው ተራ ነው። ቢሮ አርፍጄ ስገባ አለቃዬ ምክንያቱን ጠየቁኝ። መዋሸት ትቼ ስለነበር እውነቱን ነገርኳቸው። ውሸት ቢሆን ኖሮ ያምኑኝ ነበር።

ቀጥሎ ፌስታል። ምክር ቤቱ በ2017 ዓ.ም. የሚከለክለውን አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ ሕግ አክባሪ ልሁን ብዬ ዘንቢል አንጠልጥዬ ሾላ ገበያ ወረድኩ። ቲማቲም ሻጯ ዘንቢሌን አይታ «ጎበዝ!» አለችኝና ቲማቲሙን በፌስታል ቋጥራ ዘንቢሉ ውስጥ አስቀመጠችልኝ። ፌስታሉን መለስኩላት። ቤት ስደርስ ሱሪዬ ድልህ የተደፋበት ይመስል ነበር።

ከመስከረም 26 ጀምሮ ደግሞ ጽጌን ጾምኩ፤ እስከ ኅዳር 5 ድረስ 40 ቀን። እንግዲህ ተመልከቱ፦ በባዶ ሆዴ ታክሲ ሰልፍ ላይ ተራ እለቃለሁ፣ ዘንቢል እሸከማለሁ፣ ማታ ለቅሶ ቤት እቀመጣለሁ። ከዚያ ቤቴ እገባለሁ። ችግሩ እዚያ ነው። ለመንገደኛ የተረፈኝ ፈገግታ በራፉ ላይ ያልቃል። ልጄ ቧንቧውን በደንብ ሳትዘጋው ብትቀር ስለ ውኃ ጥቅም አንድ ሰዓት ሙሉ ሰበክኋት፤ ያን ጊዜ ሁሉ ቧንቧው ይንጠባጠብ ነበር። ሽሮው ቀዘቀዘ ብዬ ደግሞ ባለቤቴ ላይ ጮኽኩ። ማንኪያዋን አስቀመጠችና «አንተ ሰውዬ፣ ለሠፈሩ ሐዋርያ ሆነህ ለኛ ለምን ሄሮድስ ሆንክብን?» አለችኝ።

ተናድጄ ወጣሁ፤ ኅዳር 4 ቀን መሆኑ ነው። ጥሩነቴን የሚያውቅ ሰው ፍለጋ በቀጥታ ስታዲየም አካባቢ ወዳለው ደም ባንክ ሄድኩ። መስከረም 4 ቀን ደም ሰጥቼ ነበርና በደንብ የሚቀበሉኝ መሰለኝ። ነርሷ ካርዴን አየች።

«ጋሼ፣ ገና አንድ ወር ይቀርዎታል።»

«ግድ የለም፣ እኔ ፈቅጃለሁ» አልኳት።

«እኛ አልፈቀድንም። በሦስት ወር አንዴ ነው። ፈሳሹ ቶሎ ይተካል፤ ቀይ የደም ሴሉ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ሲሞላልዎት ይምጡ።»

ደሜን ይዤ ተመለስኩ። እንዲህ ያለ ውርደት ደርሶብኝ አያውቅም። ለነፍስ አባቴ ልከስሳት ሄድኩ፤ አባ ግን ስለ ነርሷ ከመስማታቸው በፊት ፊቴን አይተው ስለ ጾሙ ጠየቁኝ። ቅዳሜና እሁድ ጭምር እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ እንደማልቀምስ በኩራት ነገርኳቸው። «ልጄ» አሉኝ፣ «ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ ከሰባቱ ውስጥ የለም። በዐቢይ ጾም እንኳ ከቅዳም ሥዑር በቀር ቅዳሜና እሁድ ከጥሉላት እንጂ ከእህል ከውኃ አይከለከልም። የታዘዘውን መቼ ጨረስከውና ነው ያልታዘዘውን የጨመርክ?»

እንግዲህ ነርሷና አባ ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ነገሩኝ፦ ደግነትም ልክ አለው። መንገድ ላይ ሳስበው ሠፈሬም ይህን ያውቀዋል። ማኅበራችን 12 አባል ያለው በዓመት አንዴ ብቻ እንድንደግስ ነው፤ በየወሩ ልደግስ የሚል ቢነሳ ዳኛው በሽታውን ነው የሚጠይቁት። እድሩም ወርኃዊ ክፍያው የታወቀ ነው፤ ድንኳን መትከሉም በተራ ነው። የሁሉንም ድንኳን ብቻዬን ልትከል ብዬ ብነሳ ሰዎቹ የሚያደንቁኝ መስሎኝ ነበር። ገብረ ጉንዳን እንኳ ሸክሙን ተጋግዞ ነው የሚጎትተው።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን የቅዳሜው ነገር ነው። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜም እንደ እሁድ ይከበር ብለው ስንት ዘመን ተወገዙ፣ ተሳደዱ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበት ይከበሩ አለ። ሌላው ዓለም ሁለት የዕረፍት ቀን ያገኘው ባብዛኛው በሠራተኛ ማኅበር ትግል ነው፤ አባቶቻችን ተወግዘው ያቆዩልንን ቅዳሜ ግን እኔ ሦስት ለቅሶ ጠቀጠቅሁበት።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ቤት ነኝ። ቧንቧውን ጠገንኩት፤ ልጄ «አባዬ፣ ስለ ውኃ አትናገርም?» ብላ ጠይቃኝ አልተናገርኩም። ታኅሣሥ 4 ቀን ስታዲየም አካባቢ ነኝ። እስከዚያ ተራው የእናንተ ነው፤ ክንዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።