ዝቅ ብሎ የመሰካት ጥበብ፦ በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ዙሪያ የተደረገ ጥናት

ከዴስክቶፕ ኮምፒውተር ጋር የሚገናኙ ዕቃዎችን መማሪያ መጻሕፍቱ «ማስገቢያ» እና «ማውጫ» ብለው ይከፍሏቸዋል፤ ኪቦርድና ማውዝ ወዲህ፣ ፕሪንተርና ስፒከር ወዲያ። ይህን የከፈለው ሰው ቢሮ ውስጥ ሰክቶ አያውቅም። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ዋናው ጥያቄ ሰኪው ምን ያህል ዝቅ ይላል የሚለው ነው። ስለዚህ መሰካት በሦስት ይከፈላል፦ ተቀምጦ፣ ተንበርክኮ እና በደረት ተስቦ።

ተቀምጦ መሰካት ማለት ሕዝቡ «ሲፒዩ» በሚለው ሳጥን ፊት ለፊት ባሉት ቀዳዳዎች ፍላሽ መክተት ነው። ይህ ምድብ በንድፈ ሐሳብ ብቻ ይታወቃል። «የፊቱ አይሠራም፣ ከኋላ ሞክር» ተብሎ የማያውቅ ባለጉዳይ ካለ ብቅ ይበልና እንየው። ነገሩ ምሥጢር የለውም። የኋላዎቹ ቀዳዳዎች ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው፤ የፊቶቹ ግን በውስጥ በኩል በተዘረጋች ኬብል ይገናኛሉ። አቧራ ሊያራግፍ ሳጥኑን የከፈተ ባለሙያ ሲገጥም ያቺን ኬብል ይረሳታል። ሁለት ብሎንም ይተርፈዋል፤ እሱ ራሱን የቻለ ጥናት ይወጣዋል።

ተንበርክኮ መሰካት ግን ሰፊ ዘርፍ ነው። ሳጥኑ ከጠረጴዛ ሥር ሆኖ ፊቱን ለሰው፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቷል። ማይክሮሶፍትና ኢንቴል ፒሲ 99 በተባለው መመሪያቸው ለኪቦርድ ወይን ጠጅ፣ ለማውዝ አረንጓዴ፣ ለማይክሮፎን ሮዝ ቀለም መድበው ነበር። ሁለት በጋ ያለፈበት ሳጥን ላይ ሁሉም አመድማ ነው።

ይህ ዘርፍ በብርሃን እና በዳበሳ ተብሎ ይከፈላል። በብርሃን የሚሰካ ሰው ብርሃን ያዥ ያስፈልገዋል፤ ማለትም ሞባይሉን አብርቶ ከበላይ የሚቆም ባልደረባ። ብርሃን ያዥ መጀመሪያ ቀዳዳውን ያበራል። ወሬ ሲመጣ የሰኪውን ማጅራት ያበራል። ስልኩ ሲጠራ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ «እዚሁ ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» እያለ ግድግዳውን ያበራል።

በዳበሳ የሚሰካው ብቻውን ነው። ግራ ጉንጩን ከጠረጴዛው ጠርዝ አጣብቆ፣ ዓይኑን ኮርኒሱ ላይ ተክሎ፣ ቀኝ እጁን ወደ ጨለማው ይልካል። ምላሱ በትንሹ ወጣ ብላለች፤ ለምን እንደሆነ አይታወቅም፣ ሳትወጣ ግን አይሰካም። መጀመሪያ የሞኒተሩን ቪጂኤ ይነካና ስክሪኑ ቢጫ ይሆናል፤ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ያመጣው ይህ መሰኪያ ግራና ቀኝ የሚያጠብቁት ሁለት ብሎኖች ነበሩት፣ እዚህ ቢሮ ግን ያጠበቃቸው የለም። ቀጥሎ ዩኤስቢው ጋ ይደርሳል። አልገባም፤ ይገለብጠዋል። አልገባም፤ መልሶ ይገለብጠዋል። ከፈጣሪዎቹ አንዱ የኢንቴሉ አጄይ ባት፣ በሁለቱም በኩል እንዲገባ ማድረግ ወጪውን ያበዛው ነበር ብሏል። ቁጠባው ግን ከሰኪው ጉልበት ላይ ተቀንሷል።

እሰይ፣ ገባ! ሆኖም የዚህ ጥናት ትልቁ ግኝት እዚህ ላይ ነው። የዩኤስቢ መሰኪያ ከጎኑ ያለው የኔትወርክ ቀዳዳ ውስጥም ይገባል። ያውም ሳያስቸግር፣ ሳይገለበጥ፣ በመጀመሪያው ሙከራ። ኮምፒውተሩ ዝም ይላል። ሰኪው ፍላሹን ይረግማል። ጸሐፊዋ «ቫይረስ ነው» ትላለች። ብርሃን ያዡ ስልኩን ጨርሶ ይመለስና «ነቅለህ ሰካው» ይላል፤ ነቅሎ እዚያው ይሰካዋል።

ይህን ሁሉ ያስቀራል ተብሎ ገመድ አልባ ማውዝ ተገዝቶ ነበር። ጥፍር የምታህል መቀበያ አለችው። የምትሰካው ከኋላ ነው።

በደረት ተስቦ መሰካት የዲቫይደሩ ግዛት ነው፤ ባትሪው የሞተው ዩፒኤስም እዚያው ሆኖ ይጮኻል። ዘርፉ ብዙ ንዑሳን ክፍሎች እንዳሉት ይገመታል። ነገር ግን የዲቫይደሩን ቀይ ማጥፊያ በክርኑ የነካ ተመራማሪ ምርምሩን መቀጠል አይችልም። ከላይ «ማነው የነካው?» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ሴቭ ያልተደረገውን የሦስት ገጽ ቃለ ጉባኤ ለጸሐፊዋ እየነገረ ማስጻፍ አለበት፣ ስብሰባው ላይ ባይኖርም።