ጉሮሮን ትምህርት ቤት ስለ ማስገባት

የሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪ፣ ማለትም ሙዚቃ በመደበኛ ሥርዓተ ትምህርት የሚሰጥበት ከፍተኛ ትምህርት ቤት፣ ጠዋት ጠዋት በበሩ የሚያስገባቸው ተማሪዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ አንደኞቹ መሣሪያቸውን በሳጥን አንጠልጥለው የሚገቡ ሲሆኑ፣ ሁለተኞቹ ደግሞ መሣሪያቸውን አንገታቸው ውስጥ ይዘው፣ በላዩም ሻርፕ ጠምጥመው የሚገቡት የክላሲካል ዘፈን ተማሪዎች ናቸው። የቫዮሊን ተማሪ ክሩ ቢበጠስ ሌላ ክር ይገዛል፣ የትራምፔት ተማሪም መሣሪያው ቢበላሽ ወደ ጠጋኝ ይልከዋል፤ የዘፋኙ መሣሪያ ግን ከባለቤቱ ጋር አብሮ የሚበላ፣ አብሮ የሚያመሽ፣ ባለቤቱ በተቆጣ ቁጥር አብሮ የሚጮህና በፈተና ዋዜማ ጉንፋን የሚይዘው መሣሪያ በመሆኑ፣ ለብቻው አውልቆ ቁም ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ አይቻልም። በዚህም ላይ አይታይም፣ አይዳሰስም። የድምፅ አውታሮች የሚባሉት፣ ማለትም ማንቁርት ውስጥ ተጋድመው ከሳንባ የሚወጣው አየር ሲያልፍባቸው የሚርገበገቡት ሁለት እጥፋቶች፣ በጎልማሳ ወንድ እንኳ ርዝመታቸው ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ኦርኬስትራ የሚቃኝበትን ላ የተባለ ኖታ ለማውጣት በሰከንድ 440 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ይህን ሁሉ ሲያደርጉም ባለቤታቸውን አያስፈቅዱም፣ እንዴት እንዳደረጉትም አይነግሩትም። በክላሲካል ዘፈን ትምህርት ዙሪያ ለውጭ ተመልካች እንግዳ የሚመስለው ነገር አብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ መሣሪያውን መምህሩም ተማሪውም አይተውት አያውቁም።

ወደ ትምህርት ቤቱ የሚገባው ወጣት እንደ ደንቡ መዝፈን እንደሚችል አምኖ ይገባል፤ ቤተሰቡም፣ ሰፈሩም፣ የመዘምራን ጓዶቹም ይህንኑ መስክረውለታል። የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ይህን እምነት በጥንቃቄና ደረጃ በደረጃ ያፈርሰዋል። ለአሥራ ስምንት ዓመታት ያለ አንዳች መምህር ሲተነፍስ የኖረው ሰው፣ በመጀመሪያው ሳምንት መተንፈስ እንደማይችል ይነገረዋል፤ በሁለተኛው አቋቋሙ የተሳሳተ መሆኑን፣ በሦስተኛው ምላሱ ከአፉ ጋር ሲነጻጸር ያለ ቦታው የተቀመጠ መሆኑን ይረዳል። ከዚያም ድምፁ ይመደባል፤ የሴት ድምፅ ከላይ ወደ ታች ሶፕራኖ፣ ሜዞ ሶፕራኖና አልቶ፣ የወንድ ድምፅ ደግሞ ቴነር፣ ባሪቶንና ባስ ተብሎ የሚከፈል ሲሆን፣ ምድቡ የኖታ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን በኦፔራ መድረክ ላይ የዕድል ጉዳይ ጭምር ነው። ቴነሩ ያፈቅራል፤ ባሪቶኑ በቴነሩ ይቀናል፤ ባሱ አባት፣ ንጉሥ፣ ካህን ወይም ሰይጣን ይሆናል፤ ሶፕራኖዋ ብዙውን ጊዜ ትሞታለች፤ ሜዞዋም ወይ ጠንቋይ ትሆናለች፣ ወይ ሱሪ ለብሳ ወንድ ልጅ ትሆናለች። አንድ ወጣት ሕይወቱን ሙሉ በመድረክ ላይ ይወደድ እንደሆነ ወይም ይጠላ እንደሆነ የሚወስነው እንግዲህ የአውታሮቹ ርዝመትና ውፍረት ነው ማለት ይቻላል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው የመምህራኑ ቋንቋ ነው። በኢትዮጵያ የዜማ ቤት ትምህርት የኔታ ዜማውን በራሳቸው ድምፅ ይሉታል፣ ተማሪውም ተከትሎ ይላል፤ ሲስት መልሰው ያሉለታል፤ ነገሩ ከአፍ ወደ ጆሮ በቀጥታ ስለሚሄድ ስለ ማንቁርት አቀማመጥ የሚነሣ ክርክር የለም። የኮንሰርቫቶሪው መምህር ግን እንዲህ ማድረጉን ይፈራል፤ ባሪቶን መምህር ለሶፕራኖ ተማሪ ምሳሌ ቢሆን ብዙም አይጠቅማትም፣ ድምፁ ከተማሪው ጋር የሚቀራረብ መምህር ቢያዜም ደግሞ ተማሪው የራሱን ድምፅ ትቶ የመምህሩን ድምፅ ይቀዳል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ መምህሩ ወደ ዘይቤ ይሸሻል። ተማሪው በሌለ ጽጌረዳ ሽታ እየተመሰጠ አየር እንዲያስገባ፣ ጉሮሮውን ሊያዛጋ እንደተነሣ ሰው እንዲከፍት፣ ነገር ግን እንዳያዛጋ፣ ድምፁን ወደ ፊት እንዲልክ፣ ነገር ግን እንዳይገፋ፣ ሆዱን እንዲያጠነክር፣ ነገር ግን እንዳያጨማድድ፣ ደረቱን ከፍ አድርጎ ትከሻውን እንዲረሳው ይታዘዛል። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመፈጸም ሲሞክርና አንገቱ ላይ ሥሮቹ ሲገታተሩ፣ መምህሩ ከፒያኖው ጀርባ ሆኖ «ዘና በል!» ብሎ ይጮኽበታል።

ከትእዛዛቱ ሁሉ የታወቀው «ከዲያፍራምህ ዝፈን» የሚለው ነው። ዲያፍራም ደረትን ከሆድ ዕቃ የሚለይ፣ ጉልላት የሚመስል የጡንቻ ግድግዳ ሲሆን፣ ሲኮማተር ወደ ታች ወርዶ አየር ወደ ሳንባ እንዲገባ ያደርጋል። እንግዲህ ዲያፍራም በዋናነት አየር የሚያስገባ ጡንቻ ነው፤ ዘፈን ደግሞ አየር በሚወጣበት ጊዜ የሚከናወን ነው፤ በዚህም ጊዜ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት የሆድና የጎድን ጡንቻዎች ሲሆኑ፣ የዲያፍራሙ ድርሻ መውጣቱን ማዘግየት ነው። ከዚህም በላይ ሰው የዲያፍራሙን አቀማመጥ በቀጥታ አይሰማውም፤ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ «ዲያፍራሜ ይኸው» የሚል ተማሪ የያዘው ቁርሱን ነው። ይሁን እንጂ ትእዛዙ በሥነ አካል መመዘኛ ስሕተት ሆኖ ሳለ ሥራውን ይሠራል፤ ተማሪው ትንፋሹን እየቆጠበ፣ በጉሮሮው መታገልን እየተወ ይሄዳል። ድምፁን «በጭምብሉ» ማለትም በአፍንጫና በጉንጭ አጥንቶች አካባቢ እንዲያስቀምጥ የሚሰጠው ምክርም እንዲሁ ነው። የኦርኬስትራ ድምፅ ጉልበቱ የሚበረታው በሰከንድ 500 ርግብግቢት አካባቢ ሲሆን፣ የሠለጠነ የኦፔራ ዘፋኝ፣ በተለይም ወንዱ፣ 3000 ገደማ ላይ ተጨማሪ ጉልበት ያከማቻል፤ በዚያ ከፍታ ኦርኬስትራው ደካማ፣ የሰው ጆሮ ደግሞ ንቁ በመሆኑ፣ አንድ ሰው ያለ ማይክሮፎን ከሰማንያ ሙዚቀኞች በላይ ይሰማል። ይህ ጉልበት የሚፈጠረው ከማንቁርት በላይ ባለችው ጠባብ ቧንቧ እንጂ በአፍንጫ አይደለም፤ ጉንጩ ላይ የሚሰማው ንዝረት ወሬው ብቻ ነው። በሌለ ቦታ ላይ የሚሰጥ ምክር በትክክለኛው ቦታ ላይ ውጤት ማምጣቱ በሕክምናም ሆነ በሕግ ትምህርት ለማግኘት የሚያስቸግር ነገር ነው።

ተማሪው የራሱን ጆሮ ለምን እንደማያምን መጠየቁ አይቀርም። ሰው የራሱን ድምፅ በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅሉ አጥንት በኩልም ስለሚሰማው፣ ለራሱ የሚደርሰው ድምፅ ለሌላው ከሚደርሰው ይልቅ የወፈረና የሞቀ ነው፤ ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ ያማረ ዘፈን የሰማ አንድ ሰው ብቻ ቢኖር እርሱ ዘፋኙ ራሱ የመሆኑ ነገር ያጋጥማል። ይህን የማይታይ መሣሪያ ለማየት የቆረጠ መምህር ግን አልጠፋም። በፓሪስ ኮንሰርቫቶሪ፣ በኋላም በለንደን ያስተማረው ስፔናዊው ማኑኤል ጋርሲያ እ.ኤ.አ. በ1854 የጥርስ ሐኪም መስታወት ወደ ጉሮሮው አስገብቶ፣ በሌላ መስታወት የፀሐይ ብርሃን እየመለሰ፣ የገዛ አውታሮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ ተመለከተ፤ ያየውንም በሚቀጥለው ዓመት ለንደን ለሚገኘው የሳይንስ ማኅበር፣ ለሮያል ሶሳይቲ፣ አቀረበ። ከግኝቱ ዋናውን ትርፍ ያገኙት የጉሮሮ ሐኪሞች ናቸው፤ የዘፈን መምህራን በጽጌረዳቸው ቀጠሉ። ጋርሲያ ራሱ ከዚያ በኋላ ግማሽ ምእት ዓመት ኖሮ፣ በ1906 በ101 ዓመቱ ያረፈ ሲሆን፣ በማስተማር ስሙ ከሚጠራባቸው ሥራዎቹ አንዱ የተከናወነው ጭራሽ በዝምታ ነው፤ በ1841 ድምፅዋ ደክሞ ወደ እርሱ የመጣችውን ስዊድናዊቷን ዘፋኝ ጄኒ ሊንድን፣ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ለሳምንታት አፏን ዘግታ እንድትቀመጥ አዘዛት፤ እርስዋም ታዘዘች፤ ከዚያም በአውሮፓና በአሜሪካ ስመ ጥር ሆነች።

ኮንሰርቫቶሪ የተባለው ተቋም መነሻው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኔፕልስ ከተማ የተቋቋሙት አራት የሙት ልጆች ማሳደጊያዎች ናቸው፤ ልጆቹ ሙዚቃ እየተማሩ በየሰልፉና በየቀብሩ በመዘመር ለቤታቸው ገቢ ያመጡ ነበር፤ ቁራሽ እየለመነ ዜማ የተማረ የቆሎ ተማሪ ቢያገኛቸው ኖሮ የሚጨዋወቱት ባላጡ ነበር። እንግሊዛዊው የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ቻርልስ በርኒ በ1770 ከእነዚህ አንዱን፣ ሳንት ኦኖፍሪዮ የተባለውን፣ ጎብኝቶ በጻፈው ዘገባ፣ በደረጃው ላይ አንዱ ተማሪ ትራምፔት፣ ከፍ ብሎ ሌላው ቀንደ መለከት ሲነፋ እንዳገኘ፣ በአንድ ክፍል ውስጥም ሰባት ወይም ስምንት ሃርፕሲኮርዶች (የፒያኖ ቀዳሚዎች)፣ ከእነርሱ የሚበልጡ ቫዮሊኖችና በርካታ ዘፋኞች፣ ሁሉም የየራሳቸውን ሙዚቃ በየራሳቸው ቅኝት ባንድነት ይለማመዱ እንደነበር፣ ሌሎችም እዚያው ተቀምጠው ይጽፉ እንደነበር ተርኳል። የዛሬዎቹ ኮንሰርቫቶሪዎች በዚህ ረገድ ትልቅ መሻሻል አሳይተዋል፤ ግድግዳ ተጨምሯል። ግድግዳው የማይከለክለው ነገር ቢኖር ግን፣ ከጎን ክፍል ያለችው ሶፕራኖ ለአንድ ሰዓት ሙሉ ያላገኘችው ያው አንድ ኖታ ነው።

በርኒ በዚሁ ዘገባው፣ ካስትራቲ የሚባሉት፣ ማለትም ድምፃቸው እንዳይጎረምስ በልጅነታቸው የተሰለቡት ተማሪዎች፣ ጉንፋን እንዳይዛቸው ከሌሎቹ ተለይተው በላይኛውና በሞቃቱ ፎቅ ይኖሩ እንደነበር ይገልጻል። ጭካኔው እንደ እድል ሆኖ ቀርቷል፤ የጉንፋን ፍርሃቱ ግን ሙሉ በሙሉ ተወርሷል። በአዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ተሳፋሪ ከኋላ ወንበር ምን እንደሚባል የሚያውቅ አንባቢ፣ የዘፈን ክፍል ተማሪዎችን በአንድ ክፍል ሰብስቦ መስኮት መክፈት ምን እንደሚያስከትል ለመገመት አይቸገርም። ተማሪው ውኃ በየሄደበት ይይዛል፤ እንፋሎት ይታጠናል፤ ማርና ዝንጅብል በጥብጦ ይጠጣል፤ ከሚያስነጥስ ሰው አጠገብ ላለመቀመጥ ሦስት ፌርማታ በእግሩ ይሄዳል። ከዚህ ውስጥ ሐኪሞች የሚደግፉት ውኃውንና እንፋሎቱን ነው፤ ሻርፑ ግን የማዕረግ ልብስ እየሆነ የመጣ ይመስላል።

የሚዘፈነው ነገር የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ካፋሬሊ ስለተባለው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ካስትራቶ የሚነገረው ታሪክ፣ መምህሩ ኒኮላ ፖርፖራ ለዓመታት አንዲት ገጽ መልመጃ ብቻ ሲያዘፍነው ኖሮ፣ በመጨረሻ «ሂድ፤ በአውሮፓ አንደኛው ዘፋኝ አንተ ነህ» ብሎ አሰናበተው የሚል ነው፤ እውነት ይሁንም አይሁን፣ መምህራን ለተማሪዎቻቸው የሚተርኩት መልመጃው በሚሰለችበት ሳምንት ነው። የዛሬው ጀማሪ ትዕግሥቱ ሲፈተን ቆይቶ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው «ጥንታውያን አሪያዎች» የሚባሉትን ነው፤ አሪያ ማለት በኦፔራ ውስጥ አንድ ሰው ለብቻው የሚዘፍነው ክፍል ነው። እነዚህን ጣልያናዊው አሌሳንድሮ ፓሪዞቲ ከ1885 ጀምሮ ሰብስቦ ያሳተማቸው ሲሆን፣ በመካከላቸው «ሴ ቱ ማሚ» የተባለው ዘፈን በኔፕልስ ኮንሰርቫቶሪ ተምሮ በ26 ዓመቱ በ1736 የሞተው የፔርጎሌሲ ሥራ ነው ተብሎ ቀርቧል። ከፓሪዞቲ በፊት የነበረ ቅጂው ባለመገኘቱ፣ ዛሬ ምሁራን የዘፈኑ ደራሲ ራሱ ሰብሳቢው ነው ወደ ማለቱ ያዘነብላሉ። የሙዚቃ ደራሲው ስትራቪንስኪም በ1920 ፑልቺኔላ በተባለው የባሌት ሙዚቃው ውስጥ የፔርጎሌሲ ነው ብሎ አስገብቶታል። በመላው ዓለም ያሉ ጀማሪዎች ከመቶ ዓመት በላይ የ18ኛውን ክፍለ ዘመን አዘፋፈን ጠብቁ እየተባሉ ነጥብ ሲያጡበት የኖሩት ዘፈን ከባቡር በኋላ የተጻፈ መሆኑ ነው፤ ዘፈኑ ግን ያምራልና ከሥርዓተ ትምህርቱ የሚያወጣው አልተገኘም።

በመጨረሻ የአነባበብ ትምህርት አለ። ተማሪው ጣልያንኛ፣ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛን የመናገር ግዴታ ባይኖርበትም፣ እንደ ባለቤቶቹ አድርጎ መጥራት ይገባዋል፤ በዚህም የተነሣ በጀርመንኛ ስለ ቆሰለ ልብ አጥርቶ የሚያንጎራጉር፣ ዳቦ ለመግዛት ግን በጣቱ የሚጠቁም ምሩቅ ማየት የተለመደ ነው። እያንዳንዱ አናባቢ በልዩ ምልክት ተጽፎ፣ በመስታወት ፊት የከንፈር ቅርጹ ተለክቶ፣ ለሴሚስተር ይጠናል። ችግሩ የሚመጣው ከፊዚክስ ነው። አናባቢዎችን የምንለየው አፍና ጉሮሮ በሚፈጥሯቸው የማስተጋቢያ ከፍታዎች ሲሆን፣ የ«ኢ» ዝቅተኛው ማስተጋቢያ በሰከንድ 300 ርግብግቢት አካባቢ ነው፤ የሶፕራኖ ከፍተኛው ዶ ግን ከ1000 ያልፋል። ዘፋኟ ወደዚያ ስትደርስ ድምፁ አናባቢውን ዘልሎት ስለሚሄድ፣ «ኢ»ም «ኡ»ም «ኤ»ም ወደ አንድ «አ» ይጠጋጋሉ፤ ግጥሙ ስለ ፍቅር ይሁን ስለ ጎመን ከአዳራሹ የሚለይ አይኖርም። የቶሮንቶው የካናዳ ኦፔራ ኩባንያ በ1983 የሪቻርድ ስትራውስን «ኤሌክትራ» ሲያሳይ ትርጉሙን ከመድረኩ በላይ በጽሑፍ ማሳየት ጀመረ፤ ልማዱም ወደ ሌሎች ኦፔራ ቤቶች ተዛመተ። አድማጩ ከዚያ ወዲህ ዘፋኟ የምትለውን ቀና ብሎ ያነባል፤ የአነባበብ መምህሩ ግን በከፍተኛው ዶ ላይ ላልተሰማችው «ኢ» ነጥብ መቀነሱን አልተወም።