ፊልም አይቶ በደንብ መሳሳት

አዲስ ቅዳም ውስጥ፣ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት ዳር የዲከረንስ ዛፍ ከሰል የሚገዛ ሰው በቀላሉ አይሸወድም። የማዳበሪያው አፍ ላይ የተደረደረውን ወፋፍራም ከሰል አይቶ ብር አያወጣም። እጁን እስከ ክርኑ ይሰዳል፤ ከሥር አንዷን መዝዞ ያንኳኳል፤ ብናኝና አፈር ከበዛበት ዋጋ ይሰብራል፣ አለዚያም ትቶት ወደሚቀጥለው ያልፋል። ይኸው ሰው ማታ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ስለ ሐሰተኛ ደራሲ የተሠራ ፊልም ሲነሣ ግን እጁ ከብርጭቆው ንቅንቅ አይልም። አፉ ብቻ ነው የሚሠራው።

ይህ ምክር ለእሱ ነው። ሳያዛንፍ የተከተለው ሁሉ ዋስትና ባለው መንገድ ይሳሳታል።

ለመለማመጃ «ካን ዩ ኤቨር ፎርጊቭ ሚ?» የተባለው ፊልም ይበቃል። በ2018 የወጣ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)፤ ያዘጋጀችው ማሪየል ሄለር ናት። ሜሊሳ ማካርቲ ሊ እዝራኤልን ሆና ትተውናለች። ሊ በእውነት የኖረች የኒውዮርክ ጸሐፊ ናት፤ እንጀራዋ የታዋቂ ሴቶችን የሕይወት ታሪክ መጻፍ ነበር። በ1985 ስለ መዋቢያ ቅባት ነጋዴዋ ኤስቴ ላውደር ያሳተመችው መጽሐፍ ከሰረ፤ ገቢዋ ነጠፈ፤ ዕዳዋ ተቆለለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሮጌ የጽሕፈት መኪናዎች ሰብስባ እንደ ዶሮቲ ፓርከርና ኖኤል ካዋርድ ባሉ የሞቱ ደራሲያን ስም ደብዳቤ እየፈጠረች፣ ፊርማቸውንም እያስመሰለች ለነጋዴዎች ትሸጥ ጀመር። ደብዳቤዎቹ 400 ገደማ ደረሱ። ነጋዴዎቹ መጠርጠር ሲጀምሩ ደግሞ ከቤተ መጻሕፍት እውነተኛውን ደብዳቤ እየሰረቀች በቦታው የራሷን ቅጂ ማኖር ያዘች። በመጨረሻ ተያዘች፤ በ1993 ስድስት ወር የቤት እስርና አምስት ዓመት በገደብ ተፈረደባት።

እንግዲህ አስተያየት ሰጪው ከሁሉ በፊት ፊልሙን አይየው። ስልኩ ላይ የአሥር ደቂቃ የአማርኛ ትረካ አለለት፤ በዚያ ትረካ ውስጥ የሰው ስም የለም፣ «ሴትዮዋ» እና «ሰውዬው» ብቻ ናቸው ያሉት። ትረካውንም እስኪያልቅ አይጠብቅ። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ የስልኩ ካርድ ቢያልቅ ለትንታኔው የሚጎድል ነገር የለም።

ከዚያ በድመቷ ይፍረድ። ሊ የታመመች ድመት አለቻት፤ የእንስሳ ሐኪሙ ቤት የቀድሞ ዕዳዋን ሳትከፍል አያክምላትም። አስተያየት ሰጪው እዚህ ላይ ሆዱ ይባባና «ምን ታድርግ ታዲያ!» ይበል። ቤተ መጻሕፍቱ ምን እንደ ጠፋበት ማንሣት የለበትም። ቤተ መጻሕፍት ድመት የለውም፤ ኪራይም አልተጠራቀመበትም፤ ፊት ስለሌለው ካሜራው ቀርቦ አያሳየውም። ሐሰተኛውን ደብዳቤ እውነት ብሎ ዐሥር ዓመት ቆይቶ የሚጠቅሰው ተመራማሪም በፊልሙ ውስጥ የለም። ስለዚህ ተበዳይ የለም ማለት ነው።

ድመት የማይወድ ተመልካች በችሎታዋ ይደነቅ። ማስረጃ አያጣም፦ በ2007 የኖኤል ካዋርድ ደብዳቤዎች ተሰብስበው ሲታተሙ ሁለቱ የሊ ፈጠራዎች ነበሩ። እሷም በ2008 ባወጣችው ኑዛዜ መሰል መጽሐፍ ከጻፈችው ሁሉ እነዚያን ደብዳቤዎች እንደምታስበልጥ ሳታፍር ተናግራለች። እዚህ ጋ በእርግጥ የሚቆረቁር ጥያቄ አለ፤ ይህን ያህል የምትጽፍ ሰው በራሷ ስም ለምን ገዢ አጣች? ጥሩ ጥያቄ ነው። አስተያየት ሰጪው ቶሎ ወሬ ይቀይር።

ኒውዮርክ ሩቅ ነው፤ በሩቅ ጉዳይ መሳሳትም ሙያ አይባልም። የሠለጠነ ሰው በአገር ቤቱ ይሳሳታል። ለዚህ ከፍልስፍናው ድርሳን ከሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ የተሻለ መድረክ የለም። ጽሑፉ ራሱ የሚለው፣ አክሱም አካባቢ ተወልዶ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ዋሻ ውስጥ የተሸሸገና ኋላ እንፍራንዝ የኖረ ሊቅ በ17ኛው መቶ ዘመን በግዕዝ ጻፈው ነው። ለዓለም ያስተዋወቁት ግን በጌምድር የነበሩት ኢጣሊያዊ ካፑቺን ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሲሆኑ፣ ቅጂውን በ1853 ለፈረንሳዊው የብራና ሰብሳቢ አንቷን ዳባዲ ላኩለት። በ1920 ምሁሩ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ተነሥቶ ደራሲው ራሳቸው ዳ ኡርቢኖ ናቸው አለ። ከማስረጃዎቹ አንዱ አባ ተክለ ሃይማኖት የተባሉ ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ ካህን የሰጡት ምስክርነት ነበር። የሚሲዮናዊው የዓለም ስም ውስጥ «ያኮፖ»፣ ማለትም ያዕቆብ መኖሩም ከክርክሩ አልቀረም። በተቃራኒው ክላውድ ሰምነር፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊ ኢየሱሳዊ፣ በ1970ዎቹ የጽሑፉን ቋንቋና ሐሳብ መርምረው ኢትዮጵያዊ ነው ብለው ተሟገቱ።

ይህን ሁሉ መከታተል ያደክማል። አቋራጩ ይኸውና፦ ክርክሩ ሲነሣ ተናጋሪው የየት አገር ሰው እንደሆነ ይጠየቅ። ኮንቲ ሮሲኒ ኢጣሊያዊ ነው፣ በቅኝ ግዛቷ ኤርትራም ባለሥልጣን ነበር፤ እንግዲያ ማስረጃውን ማየት ለምን ያስፈልጋል? ሰምነር ግን ፈረንጅ መሆናቸው እንደ ተጨማሪ ማኅተም ይቆጠር፤ «ፈረንጁ እንኳ መስክሮልናል» ይባል። በሌላው ጥግ የተቀመጠውም ተራቀቅሁ ባይ በተራው «ሐበሻ በዚያ ዘመን እንዲህ አያስብም» ብሎ ይደምድም። ሁለቱም ሻያቸውን ፉት ሲሉ የግዕዙ ሰዋስው፣ የወረቀቱ ጉዳይ፣ ከመዝሙረ ዳዊት የተጠቀሰው ሁሉ ጠረጴዛው ሥር ይቅር።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለእረፍት መጥቶ ሊሆን ይችላል። «ጋሼ፣ ለመሆኑ መጽሐፉን አንብበውታል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ ዝግጁ ይሁን፦ «አንተ ልጅ፣ እኔ ይህን ነገር የሰማሁት አንተ ሳትወለድ ነው።» በአማርኛ ቢመለስ በአውንጊ ቢመለስ ጉልበቱ አንድ ነው።

ደግሞም ሐሳብ መቀየር ክልክል ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመት ጽሑፉን ከሚጠራጠሩት ወገን ነበሩ፤ በ2017 ባሳተሙት ጥናት ግን ዋናውን ጽሑፍ የኢትዮጵያዊ ሊቅ ሥራ ወደ ማለት መጡ። ግዕዝን እንደሳቸው የሚያውቅ ሰው ጥቂት በሆነበት ዓለም ይህ ቆም ብሎ ለማሰብ የሚበቃ ነገር ነበር። ለሻይ ቤት ግን አይመችም፤ ትናንት ያለውን ዛሬ የሚያርም ሰው ጠረጴዛ አያሞቅም።

የመጨረሻው ደረጃ ለአዲስ ቅዳም ሰው ቅርብ ነው። ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ኅዳር 4 ቀን 1770 (እሱም በፈረንጆቹ) እዚያ ደርሶ የዓባይን ምንጭ ከአውሮፓውያን ቀድሜ አየሁ አለ፤ ውኃውን በጽዋ ቀድቶ ለአገሩ ንጉሥ ጤና ጠጣ። እዚሁ አዲስ ቅዳም አካባቢ ያለችውን የፋግታን ስም በመጽሐፉ የጦርነት ቦታ አድርጎ የጻፈውም እሱ ነው። አምስት ቅጽ የሚሞላው ጉዞው በ1790 ሲታተም የለንደን አንባቢ ቀጣፊ አለው። በ1792 ደግሞ የቀጣፊው ባሮን ሙንሃውዘን ተረት ማስቀጠያ ወጥቶ፣ በመታሰቢያነት ለብሩስ ተበርክቶ ተላገጠበት።

በጣም የሳቁበት በየቱ ነው? ሐበሻ ጥሬ ሥጋ ይበላል ባለው። አንድ ሰው አዲስ ቅዳም ሥጋ ቤት ገብቶ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቢያዝ የሚጠየቀው «ዳጣ ይጨመር?» ተብሎ ነው። (ከቁም ከብት ቆረጡ ያለው ለብቻው ያከራክራል።) እውነት የተናገረበት ቦታ ላይ ሐሰተኛ ተባለ። ውሸቱ ደግሞ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ነበር። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ምንጩን በ1618 አይቶታል፤ ብሩስ ግን አላየም ብሎ ሊያስተባብል ብዙ ቀለም ጨረሰ። አብሮት የነበረው የቦሎኛው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒም ግሽ ድረስ ሄዷል፤ የሞተው ከጉዞው በኋላ፣ በ1771 ጎንደር ላይ ነው። ብሩስ ከጉዞው በፊት ገደለው፤ በብዕር። የሰውዬውን ሥዕሎችም የራሱ አስመሰላቸው። ምንጩ ዳር ብቸኛ ሆኖ መቆም ፈልጎ ነበርና ጓደኛው ቶሎ መሞት ነበረበት።

ስለዚህ አስተያየት ሰጪው የለንደንን ሰው አርአያ ያድርግ፦ ከገዛ ገበታው የማያውቀውን ሁሉ ውሸት ይበል፣ ስለ ሟቹ ሠዓሊ ግን አይጠይቅ። የሊ እዝራኤል ድመትና የብሩስ ጽዋ አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት፤ ዓይን ወደነሱ ሲሄድ ባሉጋኒና ቤተ መጻሕፍቱ ከፎቶው ይወጣሉ።

ምክሩን መጣስ የሚፈልግ አመፀኛ እንደማይጠፋ ይታወቃል። ለእንዲህ ያለው ሰው መንገዱ ክፍት ነው፦ የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ 25 አጫጭር ምዕራፎች ነው፣ በአማርኛም ተተርጉሟል። ግሽ ዓባይ እዚያው ሰከላ አለ። ፊልሙም 1 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ብቻ ነው።