ፕሮቲኑስ?

ሁዳዴ በገባ ቁጥር መሥሪያ ቤታችን ያለው ጂም አዘውታሪ ልጅ ምሳዬን አሻግሮ እያየ «ጋሼ፣ ፕሮቲን ከየት ያገኛሉ?» ይለኛል። ደመወዝ ሲዘገይ ከየት አግኝቼ እንደምኖር ግን ጠይቆኝ አያውቅም።

መልስ አላጣሁም። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 56 ግራም ገደማ ይበቃዋል ይላሉ ባለሙያዎቹ፤ 100 ግራም ደረቅ ምስር ብቻውን ወደ 25 ግራም ይይዛል። ከእንጀራው የሚጎድለውን፣ ላይሲን የሚሉትን፣ ሽሮው ይሞላለታል። 55 ቀን እየጾመ የሚያርሰው ገበሬ ይህን ሁሉ አስልቶ አያውቅም።

ሽሮ ስል ታዲያ የሱቁን ማለቴ አይደለም። አማቴ ዘንድ ሽሮ ማለት ሽምብራውና አተሩ በእጅ ተለቅሞ፣ ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ከበርበሬው፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከኮረሪማውና ከበሶብላው ጋር ወፍጮ ቤት የሚወርደው ነው። እዚያም ወፍጮው ቀድሞ ምን ሲፈጭ እንደነበር ሳይጣራ አይፈጭም። አተር ይብዛ ሽምብራ በሚለው ከባለቤቴ ጋር እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ባቄላ ከገባበት በመጀመሪያው ጉርሻ ያውቃሉ። «ጓያ ነው እንዴ?» ካሉማ ገበታው ተነሣ በሉት። ጓያ በፕሮቲን ከማንም አያንስም፤ ሲዘወተር ግን እግር ያሽመደምዳል።

አሁን የምግብ ቤቱን በያይነቱ እዩልኝ። ድንች፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ፎሶሊያ፣ ደግሞ ሌላ ድንች። ምስሩ በማንኪያ ጫፍ ዳር ላይ ጠብ ብሏል። ሽሮው ከመቅጠኑ የተነሣ የእንጀራው ዓይን ከሥሩ ይቆጠራል። «ምስር ተወደደ» ይሉሃል። ተወዷል፤ እኔም እገዛለሁ! ታዲያ ድንች አቅርቦ የምስር ሒሳብ መቀበል ምን የሚሉት ንግድ ነው? በጾም ስም የሚዘረፍ ሰው እንዳይቆጣ ቁጣውንም ጹም ይሉታል። ልጁ ይህን ሳህን አይቶ ፕሮቲኑ የታል ቢል ምን ይፈረድበታል?

ይህን ስለው ደስ ብሎት ከውጭ የተላከለትን ቆርቆሮ አወጣ። ቫኒላ ቫኒላ የሚል ዱቄት ነው። ላዩ ላይ የተሣለውን አየሁ።

«አተር ነው እንዴ?»

«ፕላንት ፕሮቲን ነው ጋሼ።»

በውኃ በጥብጦ አቀመሰኝ። በርበሬ ይጎድለዋል እንጂ ክፉ አይደለም። የተልባ ፍትፍትስ ሞክረህ ታውቃለህ ብዬ ላዞረው ስል፣ ተልባ የሚለውን ሲሰማ ዓይኑ በራ፤ «ኦሜጋ ሦስት!» ብሎ ሌላ ወሬ ጀመረልኝ።