የወልቃ ላይ ቤት

ሐምሌ ሲገባ በሬ አይከፈትም። የቤቴን በር ማለቴ ነው እንጂ የሚያርሰውንማ ከሸጥሁት 15 ዓመት አለፈው። ጎንደር አዘዞ፣ ወልቃ በምንለው ጥቁር አፈር ላይ ያቆምሁት የብሎኬት ቤት አለኝ። ወልቃ ክረምት ውኃ ጠጥቶ እንደ ሊጥ ኩፍ ይልና በሩን ከጉበኑ ጋር ያጣብቀዋል። በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳዬንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። መጋቢት ላይ በመኝታ ቤቴ ስንጥቅ ክንዴን ብሰድ ጎረቤቴ ከወዲያ ማዶ ይጨብጠኛል። ባለቤቴ ጧፏንና ስልኳን እዚያው ታኖራለች፤ ቁም ሳጥን ከመግዛት ተገላገልን ትላለች። ሦስት ጊዜ በሲሚንቶ አስደፈንሁት፤ ሦስቴም ተፋው።

አፈሩ ጥፋት የለበትም። እህል አብቅል ተብሎ የተፈጠረውን ቤት ተሸከም ያልነው እኛ ነን። እዚሁ፣ አሁን አልጋዬ ካለበት ላይ፣ አንዱን ዓመት ጤፍ፣ አንዱን ዓመት ሽምብራ እዘራ ነበር። ሽምብራማ ዝናብ እንኳ አይለምንም፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ትዘራዋለህ፣ ወልቃው የቋጠረውን እርጥበት እየመጠጠ ያፈራል። ማዳበሪያ አምጣ አይልም፤ እንዲያውም ናይትሮጂኑን ከአየር ስቦ ለከርሞው ጤፍ ስንቅ ትቶለት ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የልጄ ልጅ ይህን «ዘላቂ ምርታማነት» ይለዋል። እኛ እሸት ነበር የምንለው።

አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቆረቁሩ ማስተር ፕላን የሚያነብላቸው አልነበረም። ግን ለም ሜዳውን ትተው በአንገረብና በቀሃ መካከል ያለውን ጉብታ መረጡ። ጭንጫው ለቤት፣ ወልቃው ለእህል! ግቢያቸው ቤተ መንግሥቱንም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም፣ ቤተ መጻሕፍቱንም ይዞ የአጥሩ ርዝመት 900 ሜትር ነው። የዛሬው ባለሀብት መጋዘን እሠራለሁ ብሎ ያንኑ የሚያህል ያጥርና አምስት ዓመት ፍየል ያሰማራበታል።

እኛ ነገሩን ገለበጥነው። ቤቱ ወደ ሜዳው ወረደ፣ ሞፈሩ ወደ ገደሉ ወጣ። ገደል ሲታረስ አፈሩ በጎርፍ ተጠርጎ ይወርዳል፤ ወርዶም የት ይተኛል? ከተማው ከሚጠጣበት ከአንገረብ ግድብ ሆድ ውስጥ! ግድቡ ዕድሜውን ሳይጨርስ ደለል ሞላው፤ እኛም በፈረቃና በጀሪካን እንኖራለን። ውኃው ደፍርሶ በመጣ ቁጥር «አይዞሽ፣ የሰው ማሳ ነው» እላታለሁ ባለቤቴን። ከዚያ ያመለጠው ደግሞ የከተማውን እድፍ አዝሎ በመገጭ በኩል ጣና ይገባል። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ሐይቁ ላይ ሲታይ መጀመሪያ የተገኘው በዚያው በመገጭ አፍ አካባቢ ነው። አረምም እንደ እኔ ለም አፈር ይወዳል።

ንጹሕ ነኝ አልልም። ማሳዬ ለልማት ሲወሰድ በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 የ10 ዓመት ምርት ተቆጠረልኝ፤ ከማሳው ጫፍም ለመኖሪያ ተቆርሶ ተሰጠኝ። ሽማግሌው ከ10 ዓመት በላይ አይቆይም ብለው ሳይሆን አይቀርም። ቆየሁ። በ2011 የወጣው አዋጅ 1161 ደግሞ 15 ዓመት አደረገው፤ ለእኔ ግን ወደ ኋላ አይመለስም። በካሳው ብሎኬት ደረደርሁ፣ ቆርቆሮ አለበስሁ፣ ጤፉንም ከዚያ ወዲህ እንደ ከተሜ በኪሎ እገዛለሁ። ነጋዴው ሲሰፍርልኝ ዓይኑን አላምነውም።

በቀደም አንድ ወጣት ችካልና ቀይ ቀለም ይዞ መጣ። በሩ እምቢ ስላለ በመስኮት አነጋገርሁት። መንገድ ሊሰፋ ነው፤ ችካሉ ወጥ ቤታችን መሀል ይወድቃል።

«ስንት ዓመት ትቆጥሩልኛላችሁ?» አልሁት።

«ለቤት ዓመት አይቆጠርም አባባ። ግምት ይሠራለታል፣ ምትክ ቦታም ይሰጥዎታል።»

«ምትኩ የት ነው?»

«ወደ ጠዳ በኩል።»

«አፈሩስ?»

ፊቱ በራ። «አፈሩማ ጥቁር ነው አባባ! የዘሩበትን ሁሉ ያበቅላል።»

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «እንግዲያስ ሲሚንቶውን ከወዲሁ ግዙ» አለችኝ።