የፒያሳን ፎቶ ከንቱ የማድረጊያ መላ

ፒያሳን ዕድሜ ልክ ፎቶ አንስቶ ለልጅ ልጅ የማይጠቅም ክምር መተው ይቻላል። መንገዱ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ቤቱ ሊፈርስ በቆርቆሮ እስኪታጠር ይጠብቁ። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሠፈር በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ በኋላ የተነሳ ፎቶ የቀድሞውን ሠፈር አያሳይም። ጣይቱ ሆቴልንም በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ከፊሉን ሲበላው ቀድሞ የነገረን አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ሁሉም የሚያነሳውን ብቻ ያንሱ፤ የምኒልክን ሐውልትና የዓድዋ ድል መታሰቢያን። የእንጨት በረንዳውን፣ የደረጃውን መደገፊያ፣ ልስኑ ተልጦ ጭቃና ማገሩ የታየበትን ግድግዳ ይለፏቸው። ቤቱ እንዴት እንደተሠራ የሚናገሩት ግን እነዚህ ናቸው፤ አንድ ቀን መልሶ ልጠግነው የሚል አናጢም የሚፈልገው እነርሱን ነው።

ሦስተኛ፣ በመጡ ቁጥር ቦታ ይቀይሩ። ለውጥ የሚለየው ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሌንስ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ሲነሳ ነውና፣ ይህን ካላከበሩ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነጻጽር አይኖርም።

አራተኛ፣ ፀሐይን አይጠይቁ። አዲስ አበባ ላይ በበጋ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለች፤ ወደ ሰሜን የሚያይ ግድግዳ በቀትር ብርሃን የሚያገኘው ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ነው፤ ከዚያም አብዛኛውን ክረምቱ ይወስደዋል። ይህን ያላወቀ ሰው ዓመቱን ሙሉ ጥላ ያነሳል።

አምስተኛ፣ ሰው ከፎቶው ያስወጡ፤ ከገባም ፈቃድ አይጠይቁ። «እማማ፣ ደጅዎን ላንሳ?» ብሎ የጠየቀ ግን ቤቱን ማን እንደሠራው፣ በፊት ምን ይሸጥበት እንደነበር ሊሰማ ይችላል። ያ ወሬ ከእማማ ጋር ይሄዳል፤ ሌላ ማስቀመጫ የለውም።

ስድስተኛ፣ ቀን፣ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር አይጻፉ፤ ሁሉንም በአንድ ስልክ ውስጥ ብቻ ያኑሩ። ስልኩ የጠፋ ቀን ሠፈሩ ለሁለተኛ ጊዜ ይፈርሳል።

ከተማ መቀየሩ አይቀርም፤ ለውጥ ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ነገር ግን ምን እንደነበረን ሳናውቅ ያጣነውን መመዘን አንችልም፤ የተሻለ እንደሠራንም ማስረዳት አንችልም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ደጃፍ ይምረጡ፤ ባለቤቱን ያስፈቅዱ፤ ፊት ለፊት ያንሱት፤ ከሥሩ ቀኑንና መንገዱን ይጻፉ። ቅጂውንም ለባለቤቱ ይስጡ፤ ከእርስዎ ይልቅ የሚፈልገው እርሱ ነው።